የሜሪ ፖፒንስ ማመልከቻ፦ እስከ ዓርብ 12 ሰዓት ማለቅ አለበት

ሰብሳቢ (ሰኞ)
ማመልከቻው ዓርብ 12 ሰዓት ይዘጋል። ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የምንጠይቀው ፈንድ ጣሪያው 5,000 ፓውንድ ነው። የማይክራፎኑን ጉዳይ እዚህ የሚያነሳ ካለ መልእክቱን አጠፋዋለሁ፤ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። ቅዳሜ የተስማማነው ይሄን ነው፦ ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉት ልጆች፣ ለ12 ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እናነብላቸዋለን። መጽሐፉ «ሜሪ ፖፒንስ» ነው፣ የአስማተኛዋ ሞግዚት ታሪክ፤ የመጀመሪያው፣ የ1934ቱ። 12 ምዕራፍ ስላለው ልክክ ይላል። መምህርት፣ «ለምን ይህ መጽሐፍ» የሚለውን ክፍት ቦታ አንቺ ሙዪው።

የቅዳሜዋ መምህርት
ልጆቹ የ1964ቱን ፊልም ያውቁታል። ዘፈኑን ከነዜማው ይወጡታል። መጽሐፉን ግን አንዳቸውም አልነኩትም። ታሪኩ ደግሞ እዚሁ ለንደን ነው። እኛ አማርኛ ስናስተምር ሁልጊዜ ጅብና ጦጣ ነው። ጅብ አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። የሚያውቁትን ከተማ በአማርኛ ይስሙት።
ሌላም ነገር አለ። ፊልሙ ላይ ሜሪ ፖፒንስ የምትጠብቃቸው ልጆች ጄንና ማይክል ብቻ ናቸው። መጽሐፉ ላይ መንታ ሕፃናትም አሉ፣ ጆንና ባርባራ። መንታዎቹ ወፍ ሲናገር ይሰማሉ። ነፋሱም ይገባቸዋል። ጥርስ ሲያወጡ ግን ይጠፋቸዋል፤ ወፉ መጥቶ ሲያናግራቸው ዝም ብለው ያዩታል። የኛስ ልጆች? እስከ 3 ዓመታቸው አማርኛውን ያንበለብሉታል። ሪሴፕሽን፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ክፍል፣ ሲገቡ ጥፍት። መጽሐፉን የመረጥኩት ለዚች ምዕራፍ ስል ነው። ሌላው ቢቀር እሷ አትቅር።

ቡና በጠዋት
ትርጉሙን እኔ እይዘዋለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ረቡዕ ማታ እለጥፋለሁ። ቃሌ ነው።

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው ማተሚያ 900 ልጻፍ። 40 ልጅ፣ 40 መጽሐፍ። ከነስዕሉ ይሁን።

ባለባሱ
ማተም አይቻልም። ደራሲዋ ፒ. ኤል. ትራቨርስ የሞተችው በ1996 ነው። እዚህ አገር መብቱ ደራሲ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ይሄ ማለት እስከ 2066 መጨረሻ። ያለ ፈቃድ ተርጉመን ካተምን ሌብነት ነው። ስዕሎቹ ደግሞ የሜሪ ሼፐርድ ናቸው፤ የሷ መብት ለብቻው ነው።

ገንዘብ ያዥ
ሕግ መቼ ተማርክ?

ባለባሱ
ባስ ከመያዜ በፊት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄን ያልኩት ለራሳችሁ ነው። እኔ አልከሰስም።

የቅዳሜዋ መምህርት
እውነቱን ነው። አሜሪካ እንኳ ነፃ የሚሆነው በ2030 ነው። ፈቃድ እንጠይቅ ብንል እስከ ዓርብ አይደርስም። ስለዚህ የሚታተም ነገር የለም። መጽሐፉን እገዛለሁ፣ በራሴ አማርኛ አወራላቸዋለሁ። ተረት እንደማውራት ማለት ነው። 900ው ይሰረዝ።

ገንዘብ ያዥ
900 ከተሰረዘ በቦታው ሌላ ነገር ይግባ። ትንሽ የጠየቀ ትንሽ ያገኛል። አምና አይተነዋል።

የመንትዮቹ እናት
መጽሐፉን ስትገዢ እትሙን እይ። 6ኛው ምዕራፍ ላይ በኮምፓስ ዓለምን ይዞራሉ። ድሮ አፍሪካውያንን፣ ቻይናውያንን የሚያዋርድ ነገር ነበረበት። በ1967 ነካክተውት ነበር፣ በ1981 ደግሞ ደራሲዋ ራሷ ሰዎቹን አውጥታ በእንስሳት ተካቻቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ቤተ መጻሕፍት በ1980 ከመደርደሪያ አውርዶት ነበር። ፊልሙም ቢሆን በ2024 ደረጃው ወደ ፒጂ (ወላጅ እንዲያስብበት) የተቀየረው ስድብ ስላለበት ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ በ2 ፓውንድ አንስተሽ ልጆቼ ፊት እንዳታነቢ።

የቅዳሜዋ መምህርት
ትክክል። የታረመውን እገዛለሁ።

ጋሼ
ከዚህ በላይ ባለባሱ የጻፈውን አሁን አነበብኩ። «የሞተችው» ይላል። በ1899 የተወለዱ፣ 96 ዓመት የኖሩ ሴት «አረፉ» ነው የሚባሉት። ይህን የማነሳው ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም። ወደ ሞግዚቷም መሄዳችን አይቀርም። «ሜሪ ፖፒንስ መጣች» ነው የምትሉት ወይስ «መጡ»? እንግሊዝኛው በዚህ አያስጨንቅም። አማርኛ ግን ገና የመጀመሪያው ግስ ላይ ያፋጥጥሃል። ሳይወሰን ወደ በጀት አትሂዱ።

ባለባሱ
መጣች። አለቀ።

ጋሼ
ለምን አለቀ? ሞግዚት ስለሆነች?

ባለባሱ
ወጣት ስለሆነች። መጽሐፉ ላይ የእንጨት አሻንጉሊት ትመስላለች ይላል። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፀጉር፣ ቀጭን፣ እግሯ ትልልቅ፣ ዓይኗ ትንንሽ ሰማያዊ። ይቺ ናት «እርስዎ» የምትባለው? ደግሞ ራስዎ «ሞግዚቷ» ብለው ነው የጻፉት፣ ጋሼ።

ጋሼ
የጻፍኩት በጥያቄ መልክ ነው።

ቡና በጠዋት
በነገራችን ላይ ማመልከቻው የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው።

የመንትዮቹ እናት
እኔም «መጣች» ነው የምለው። እናታችንን አንቺ አይደል የምንላት? እመቤታችንንስ? ለምንወደው ሰው እርስዎ አንልም።

ጋሼ
ሜሪ ፖፒንስ ግን መቼ ነው ለሰው የምትቀርበው? አንብቢው እስቲ። ሲጠይቋት ትቆጣለች። አስማቱን ካሳየቻቸው በኋላ ምንም አልተደረገም ብላ ድርቅ ትላለች። የሱቅ መስታወት ስታገኝ ቆማ ራሷን ታያለች። የልጆቹ እናት ሚስስ ባንክስ የሥራ ማስረጃ ስትጠይቃት «ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው» ብላ አፏን አስያዘቻት። አሠሪዋ ናት የፈራቻት። ይህች ሴት አንቺ አትባልም።

የመንትዮቹ እናት
ዛሬ ያለ ዲቢኤስ፣ ያለ ወንጀል ማጣሪያው ወረቀት፣ ማን በር ይከፍትላታል ብቻ።

ሰብሳቢ
ዲቢኤስ ካልሽ አይቀር፣ ቅዳሜ ለማገዝ የተመዘገባችሁ 5 ሰዎች ፎርሙን የሞላችሁት 1 ብቻ ናችሁ። ያለሱ ልጆች ጋ አትገቡም። ቀጥሉ።

ዲያቆን
አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ነው። በነፃ የምናገኘው በእምነት ነው። መጽሐፉን አገላብጬ አይቻለሁ። 10ኛው ምዕራፍ ላይ በጨረቃ ሌሊት መካነ አራዊት ይሄዳሉ፤ ሰው በረት ውስጥ ነው፣ አውሬው ነው የሚያየው። ንጉሥ ነኝ የሚል እባብ ቆዳውን ገፎ ለልደቷ ይሰጣታል። እሷም ቀበቶ አድርጋው ታድራለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ ጣቷን ቆርሳ ለሕፃናት ታበላለች።

የቅዳሜዋ መምህርት
ጣቷ ከረሜላ ነው ዲያቆን። ተመልሶ ይበቅላል። አሮጊቷ ሚስስ ኮሪ ማታ መሰላል አውጥታ፣ ከሜሪ ፖፒንስ ጋር ሆና፣ ከወርቃማ ወረቀት የተሠሩ ኮከቦችን ሰማይ ላይ በሙጫ ትለጥፋለች። እንዲህ ያለውን ልጆች ካልሰሙት ምን ሊሰሙ ነው?

ዲያቆን
እንግዲህ ቅጹ ላይ «አስማት» የሚል ቃል አይግባ። እኔ ሌላ ቅሬታ የለኝም። መድኃኒት ስታጠጣቸው ከአንዱ ጠርሙስ ለልጆቹ ጭማቂና ወተት ይወጣል፣ ለራሷ አልኮል ነው፣ እሱንም ዝለሉት።

ባለባሱ
ዲያቆን፣ አንቺ ነው እርስዎ?

ዲያቆን
መላእክትንም አንተ ነው የምንለው። እሷ ከገብርኤል አትበልጥም።

ጋሼ
እኛ አገር ታላቅ እህትም አንቱ ትባላለች። አዲስ አበባ ነው ሁሉን አንቺ ያደረገው።

ባለባሱ
ይኸው መጣ። አሁን ደግሞ አገር ለአገር ልንሄድ ነው።

ሰብሳቢ (ማክሰኞ)
ሌሊቱን 31 መልእክት። ስለ በጀቱ ስንት? ዜሮ። ድምፅ ስጡና እንለፈው።

የመንትዮቹ እናት
ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ማታ ልጄ ላይ ሞከርኩት። የ8 ዓመቷ ላይ። «ነፋሱ ሲነፍስ ሜሪ ፖፒንስ በሩ ላይ ደረሱ» አልኳት። «ስንት ሆነው?» አለችኝ። «አንድ ናት» ስላት «ታዲያ ለምን ደረሱ?» አለች። ጋሼ፣ ልጆቻችን «መጡ» ሲባል ብዙ ሰው ነው የሚታያቸው። 12 ሳምንት ሙሉ ሌላኛዋ ሞግዚት የት ሄደች ብለው ይጠይቁናል።

ጋሼ
የቅዳሜ ትምህርት ቤት የከፈትነው ለምን ሆነና? ያን እንዲያውቁ አይደለም?

የመንትዮቹ እናት
ትንሹን ደግሞ ጠየቅኩት። «ሜሪ ፖፒንስ መጣ» አለኝ። እኛ በአንቺና በእርስዎ እንጣላለን፣ እሱ ወንድ አድርጓት አረፈ።

ገንዘብ ያዥ
«እትዬ ሜሪ» ቢሆንስ? ክብርም አለው፣ ፍቅርም አለው።

ጋሼ
እትዬ የምትባለው እመቤቲቱ ናት። ሠራተኛዋ ናት እትዬ የምትለው። ገለበጥከው እኮ።

ገንዘብ ያዥ
ሲስተር ሜሪ።

ባለባሱ
መርፌ ልትወጋ ነው?

የቤይሩቷ
ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነው። «ሞግዚት ስለሆነች» የሚለውን 4 ጊዜ አየሁት። እዚህ ውስጥ ከኔ ሌላ ሞግዚት የነበረ አለ? ካለ ይናገር።
ቤይሩት 4 ዓመት ከ3 ወር ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ። አንዱን ከ10 ቀኑ ጀምሮ። ስሜ አልነበረኝም። እዚያ የቤት ሠራተኛ ሁሉ «ሲሪላንኪያ»፣ የስሪላንካ ሴት፣ ነው የሚባለው። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው ይስቁ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሲሪላንኪያ» አለችኝ አንዷ ጎረቤት። ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። እና የኔ ልጅ ሞግዚትን «መጣች፣ ሄደች» እያለ እንዲያድግ አልፈልግም። እርስዎ ይባሉ።

ባለባሱ
እህቴ አዝናለሁ። ግን ይሄ የልጆች መጽሐፍ ነው። የራሳችንን ቁስል ሁሉ ሜሪ ፖፒንስ ላይ አንለጥፍ።

ጋሼ
አየህ አፍህን? የሴትዮዋን ሕይወት «ቁስል» ብለህ ልታልፈው? ድሮም ክብር የማታውቅ ነህ። ማይክራፎኑንም

[ቀሪው በሰብሳቢ ተሰርዟል]

ባለባሱ
አንተ ሰውዬ፣ እኔን ሌባ ልትለኝ ነው?

የመንትዮቹ እናት
ኧረ በማርያም! ጋሼን አንተ?

ባለባሱ
አዎ አንተ! ራሱ ነው የጀመረው! 3 ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በነፃ ሳመላልስ ክብር አላውቅም አላላችሁኝም። ፈረቃ ቀይሬ ነው የምመጣው። ከዚህ በኋላ እኔን አትቁጠሩኝ።

ሰብሳቢ
ሁለታችሁም እስከ ነገ አትጻፉ።

የቅዳሜዋ መምህርት
ስለ መጽሐፉ እናውራ? ማንም ባይጠይቀኝም ልናገር። እኔ ልጆቹ ፊት ስቆም ሁለቱንም ነው የምጠቀመው። ተራኪው «መጣች» ይላል። ጄንና ማይክል ሲያናግሯት «እርስዎ» ይላሉ። እሷ ልጆቹን አንተ፣ አንቺ ትላለች። ሚስተር ባንክስ ደግሞ ምን እንደሚላት ግራ ይገባዋል፣ እዚያ ላይ ልጆቹ ይስቃሉ። እንዲያውም ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል።

ገንዘብ ያዥ
ይሄ ከኔ እትዬ በምን ይለያል?

የቤይሩቷ (ረቡዕ)
ማታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አነበብኩ። አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? ልጆቹ «ሜሪ» ብለው አይጠሯትም። «ሞግዚት» ብለውም አይደለም። ሁልጊዜ ሜሪ ፖፒንስ ነው፣ ሙሉ ስሟን። እኔ ያሳደግኩት ትንሹ ልጅ ብቻ ነበር በስሜ የሚጠራኝ። እናቱ ትቆጣው ነበር። አንቺም በሏት እርስዎም በሏት፣ ስሟን አትቁረጡት። ከዚህ በላይ አልጨቃጨቅም።

የመንትዮቹ እናት
አስለቀስሽኝ።

ባለባሱ
ጋሼ፣ ትናንት በንዴት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጋሼ
እኔም ማይክራፎኑን ማንሳት አልነበረብኝም። ቅዳሜ ና፣ ልጆቹን ማን ያመጣቸዋል?

ገንዘብ ያዥ
ጥሩ፣ ታረቃችሁ። አሁን ሐሳብ መጣልኝ። እነዚህ ፈንድ የሚሰጡ ሰዎች «የማኅበረሰቡ ድምፅ» የሚባል ነገር ይወዳሉ። የቤይሩቷ የተናገረችውን ዓይነት ታሪክ ያላቸው እናቶች ስንት ናቸው? እዚህም ሕፃን የሚጠብቁ አሉ፣ ዱባይም፣ ጅዳም የነበሩ አሉ። አንድ ምሽት ቡና አፍልተን፣ እያወሩ ብንቀርጻቸው? «የሞግዚቶች ምሽት»። 1,100 እጽፍለታለሁ። በ900ው ምትክ።

የቤይሩቷ
እኔ የጻፍኩት ፈንድ ይገኝበት ብዬ አይደለም። ስሜም፣ ታሪኬም ቅጹ ላይ አይግባ።

ገንዘብ ያዥ
ስም አይጠቀስም። በጥቅሉ ነው።

የመንትዮቹ እናት
ልጆቹስ የት ገቡ? የልጆች ፕሮጀክት አልነበረም እንዴ?

ባለባሱ
ለልጆቹ እኔ አለኝ። ጉዞ። 7ኛው ምዕራፍ ላይ ያለችው የወፎች ሴትዮ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደረጃ ላይ ናት፣ ፍርፋሪ በሁለት ፔንስ የምትሸጠው። 15 ቁጥር ባስ በሩ ላይ ያወርዳቸዋል። ከ11 ዓመት በታች ባስ በነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ካርድ ካላቸው እንደዚሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ምዕራፏን ይሰማሉ። ከዚያ ቼልሲ፤ ደራሲዋ የኖሩበት ቤት ላይ ሰማያዊ ክብ ምልክት አለ። («የኖሩበት» አልኩ ጋሼ።)

ጋሼ
አየሁት።

የመንትዮቹ እናት
ትራፋልጋርም ይጨመር፣ እርግብ ይመግቡ።

ባለባሱ
ትራፋልጋር እርግብ መመገብ ከ2003 ጀምሮ ክልክል ነው። ልጆቹን አስቀጥተሽ ልትመለሺ ነው?

ገንዘብ ያዥ
ባስ ነፃ ከሆነ ጉዞው ላይ ምን እጽፋለሁ? ምሳ 40 ልጅ። ጃንጥላም ይገዛላቸው፣ እጀታው የበቀቀን ጭንቅላት ያለው። ፎቶው ያምራል፣ ለሪፖርት።

የቅዳሜዋ መምህርት
40 ጃንጥላ ይዘው ባስ ሊሳፈሩ? ዓይን ልታወጡ ነው?

ባለባሱ
እኔ የምነዳው ባስ ላይ አይሳፈሩም።

ዲያቆን
አዳራሹ ማሞቂያው ተበላሽቷል። ቅዳሜ ልጆቹ ኮት ለብሰው ነው የሚማሩት። ከዚህ ፈንድ ማሞቂያ ቢገባ አለቃም ደስ ይላቸዋል። የሚቀጥለውን ዓመትም አዳራሽ አንጨነቅም።

ሰብሳቢ
ይሄ ቁምነገር ነው። ስንት?

ዲያቆን
ባለሙያው 1,400 ብሏል።

ሰብሳቢ
ቡና በጠዋት፣ ረቡዕ ማታ ሆኗል። ምዕራፉስ?

ሰብሳቢ (ሐሙስ)
ቡና በጠዋት?

የመንትዮቹ እናት
ከማክሰኞ ጀምሮ አልታየችም። ፈተና ነው መሰል። ወይ እኛ ነን ያባረርናት።

ገንዘብ ያዥ
ለሷ የያዝኩትን 300 ወደ ጃንጥላ አዛወርኩት። ዛሬ ሌሊት አጠናቅቄ ነገ ከሥራ ስመለስ እልከዋለሁ። 12 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለ።

የቅዳሜዋ መምህርት (ዓርብ)
12 ሰዓት በየትኛው ነው? አሁን የፈንዱን ገጽ ከፈትኩት። በፈረንጅ ሰዓት ነው የተጻፈው። እኩለ ቀን ነው! 40 ደቂቃ ቀርቷል!

ሰብሳቢ
እኔ ገጹ ላይ ያለውን ነው የገለበጥኩት።

ገንዘብ ያዥ
ሥራ ላይ ነኝ። እኔ ከማታው 12 ሰዓት መስሎኝ! ላፕቶፑ ቤት ነው። የሌሊቱ ረቂቅ ኢሜይላችሁ ውስጥ አለ። ሰብሳቢ አንተ ላክልኝ። በጀቱን አትንኩ፣ ድምሩ ይበላሻል።

የቅዳሜዋ መምህርት
ቆይ አንብቤው ልላክ። ይሄ ምንድን ነው? «4 ቅዳሜ»? 12 አልነበረም?

ገንዘብ ያዥ
ማሞቂያው ሲገባ አልበቃ አለ። 4ቱን መርጫለሁ፦ መምጣቷ፣ ወፎቹ፣ ኮከቦቹ፣ መሄዷ። የምሥራቅ ነፋስ ያመጣታል፣ የምዕራብ ነፋስ ይወስዳታል። ሙሉ ታሪክ ነው።

የቅዳሜዋ መምህርት
የመንታዎቹ ምዕራፍስ? ከሁሉ በፊት እሷን ብያችሁ ነበር እኮ።

ሰብሳቢ
19 ደቂቃ። በቃልሽ አውሪላቸው። ማን ይከለክልሻል?

የመንትዮቹ እናት
«የሞግዚቶች ምሽት» አሁንም አለበት። ጠይቃችኋታል?

ሰብሳቢ
እሱን ካወጣሁ 1,100 ይጎድላል፣ ድምሩ አይገጥምም፣ ቅጹ አያሳልፈኝም። ሲፈቀድልን እንነጋገርበታለን።

ሰብሳቢ
ተልኳል። 11፡56። 4,980 ፓውንድ። ማሞቂያ 1,400፣ ምሽቱ 1,100፣ ጃንጥላ 760፣ ምሳና ጉዞ 920፣ የመምህርትና የመጽሐፍ 800። እግዚአብሔር ያግዘን።

ጋሼ
አሁን አየሁት። ቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ «ሺ» (she) ይላል፣ ሁሉም ቦታ። አንቺ ነው እርስዎ አልተወሰነም ማለት ነው። ቅዳሜ ከቡና በፊት አጀንዳ ይያዝልኝ።

ባለባሱ
ጋሼ!

የቤይሩቷ
ገጽ 3ን አነበብኩ። «በቤይሩት ከ4 ዓመት በላይ የሠራች እናት» ይላል። ከኔ ሌላ እዚህ ቤይሩት የነበረ ማነው?

ገንዘብ ያዥ
ስም አልተጻፈም እኮ።

የቤይሩቷ
እሱማ አልተጻፈም። ድሮም አልተጻፈም።

ዲያቆን
የማሞቂያው ባለሙያ ማክሰኞ ልምጣ ይላል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?